የዲሽቃ ቀለሃ፣ ትንሿ ካት ኦፍና 24 መቋሚያ

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት 24 መቋሚያ አዘዘኝ። ለጥምቀት እንዲደርስ ነው። ወይራው ነበረኝ። ከዘራና ጭራ ስሠራ ቀጥ ያለ ወይራ ካገኘሁ አስቀምጣለሁ፤ ያለኝ ሁለት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ነው። ያልነበረኝ የጫፉ ናስ ነው።

የምኖረው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። ከቤቴ ጀርባ ዙሪያዋ በቆርቆሮ የተከለለ ጠባብ ቦታ አለችኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ አምፖል። በታኅሣሥ ጠዋት ከገፈርሳ በኩል የሚነሳው ብርድ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ማሽን የማስነሳው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ የተኛ ሰው የለም፣ መብራቱም ጠንካራ ነው። ወደ ማታ ሰፈሩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የሞተሩ ድምፅ ይደክማል። የደከመ ሞተር ደግሞ ናስ አይቆርጥም፤ ያሻል እንጂ።

መቋሚያ ጫፉ ባዶ ከሆነ ዕድሜ የለውም። ማኅሌት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይደገፉታል። ዝማሜው ሲጀመር ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ መሬት ይመታል። መሬቱ ድንጋይ ወይ ሲሚንቶ ነው። ወይራ የቱንም ያህል ቢጠነክር ውሎ አድሮ ጫፉ እንደ መፋቂያ ይበተናል። ስለዚህ ብረት ይለብሳል። እኔ የማለብሰው የጥይት ቀለሃ ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአያቴ ከዘራ ጫፍ የውጅግራ ቀለሃ ነበር። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ ፉዚል ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። በአድዋ ጊዜ ብዙ የኛ ሰው ይዞት ነበር። አያቴ ከአባቱ የወረሰው ዝናር ውስጥ ከቀሩት ባዶ ቀለሃዎች አንዷን ነው ከዘራው ላይ የሰካት። ልጅ ሆኜ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ አውቀው ነበር። ኮረቱ ላይ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው።

ዛሬ ውጅግራ የት ይገኛል? እኔ የምጠቀመው የከባዱን መትረየስ፣ የዲሽቃን ቀለሃ ነው። የዲሽቃ ቀለሃ ርዝመቷ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ቂጧ ላይ ስፋቷ 21 ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል፤ ትከሻዋ ላይ ስትደርስ ወደ 19 ትቀጥናለች፤ አንገቷ ደግሞ 14 ገደማ ነው። ለመቋሚያ ጫፍ ልክ ትሆናለች። ከቂጧ 40 ሚሊ ሜትር እቆርጣለሁ፤ እሱ ጫፍ ይሆናል። ከመሃሏ ሁለት ቀለበት ይወጣል፤ ለከዘራ አንገት እጠቀምበታለሁ። አንገቷ ለጭራ እጀታ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም።

ስለ ናሱ ጥቂት ልበል። ቀለሃ የሚሠራው ሰባው እጅ መዳብ፣ ሠላሳው እጅ ዚንክ ከሆነ ናስ ነው። ይህ ዓይነቱ ናስ ሲስቡት ሳይሰነጠቅ ይለጠጣል። ከክብ ዝርግ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየተገፋና እየተሳበ ነው ቱቦ የሚሆነው። በተሳበ ቁጥር ይጠነክራል። አፉን ግን ፋብሪካው በእሳት መልሶ ያለሰልሰዋል፤ ቂጡን እንደጠነከረ ይተወዋል። እንግዲህ እዩት፦ ጠንካራው፣ ወፍራሙና ድፍኑ ክፍል ቂጧ ነው፤ ድንጋይ የሚመታውም እሱ ነው። ለስላሳው በኩል ወደ እንጨቱ ይሆናል። ለመቋሚያ ተብሎ ቢሠራ ከዚህ የተሻለ አይሆንም ነበር።

ቀለሃውን የማገኘው ምናለሽ ተራ ነው። ናስ በኪሎ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጆንያውን ይዘረግፉልኛል፤ እኔ መሬት ቁጭ ብዬ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋለሁ። ከተሳበ ብረት ነው፤ ላዩ ብቻ ነው ናስ የሚመስለው። ቀጥሎ ቂጧን አያለሁ። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ነገር ጎድጎድ ማለት አለባት፤ ተመትታለች ማለት ነው። ካልጎደጎደች አልነካትም፣ አልገዛትም፣ ለሴትዮዋም «እማማ፣ ይቺን ለፖሊስ ያስረክቡ» እላለሁ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ያልተመታች ነገር ላይ ዲስክ የሚያሳርፍ ሰው እጁን እየሰጠ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ ስንጥቅ ነው። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጣ ጆንያ ላይ የነበሩት ቀለሃዎች ግማሾቹ አንገታቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበራቸው። ማንም አልመታቸውም። ሴትዮዋን ስጠይቃቸው ሻጩ በረት ውስጥ አስቀምጦት እንደነበር ነገሩኝ። ምክንያቱን በኋላ አንብቤ አገኘሁት። እንግሊዞች ህንድ አገር በክረምት ጥይታቸውን በፈረስ ጋጣ አካባቢ ሲያስቀምጡ ቀለሃው በራሱ ጊዜ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ነው፤ ሲሳብ ውስጡ የቀረውን ውጥረት ፈልጎ ያፈነዳዋል። ጉዳዩ በደንብ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ቀለሃ ስገዛ መጀመሪያ አሸታለሁ። በረት በረት ካለኝ እተወዋለሁ።

እስካለፈው ዓመት የምቆርጠው በእጅ መጋዝ ነበር። አንዷን ቀለሃ ለመቁረጥ ሩብ ሰዓት፣ በሞረድ ለማስተካከል ሌላ ሩብ ሰዓት። ለሦስት አራት ከዘራ ይቻላል። 24 መቋሚያ ግን 24 ጫፍ ነው። የእጅ አንጓዬ ከዚያ በፊትም ያመኝ ነበር።

መርካቶ ሄጄ ትንሿን ካት ኦፍ፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የምትቆርጠውን ማሽን ገዛሁ። 5,200 ብር። የብረታ ብረት ቤቶች ቱቦላሬ የሚቆርጡባትን ትልቋን ካት ኦፍ ታውቋታላችሁ። ይቺ ልጇ ናት ማለት ይቻላል። በአንድ እጅ ትነሳለች። ዲስኳ 5 ሳንቲም ሜትር ብቻ ናት። ፊቷ ላይ ትንሽዬ ሞርሳ አላት። ሻጩ «ለመጫወቻ ነው፣ ሥራ አይሠራም» አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ እንደመጣች ከሆነ አይሠራም።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ቀለሃዋን ሞርሳው ላይ አሰርኩ። ጠበቅ ሳደርገው አፏ ተጨፈለቀና ሞላላ ሆነ። ላላ ሳደርገው ዲስኩ ሲነካት ዞረች። ስትዞር ዲስኩን ነከሰችው። ዲስኩ ተሰበረ። ስባሪው ግድግዳውን መትቶ እንደ ተኩስ ጮኸ፤ የእህቴ ልጅ ከቤት ሮጦ ወጣ። መነጽር አድርጌ ነበር። መነጽር ባላደርግ ይህን ዛሬ አልጽፍም ነበር። የምትሞክሩ ካላችሁ መነጽሩን ከማሽኑ በፊት ግዙ።

ያን ቀን ማሽኗን አጥፍቼ ቁጭ ብዬ አየኋት። ሞተሯ ደህና ነው። እጇ ወደ ታች ስትወርድ ብዙ አትወላገድም። ችግሩ ሞርሳዋ ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የዲስኩ ማነስ ነው። 5 ሳንቲሙ ላይ መሃሉን የሚይዘው ብረት ሲቀነስ ለመቁረጥ የሚተርፈው ከ2 ሳንቲም ያነሰ ነው። የዲሽቃ ቂጥ ደግሞ ከ2 ሳንቲም ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ልቁረጥ ማለት ከጅምሩ ስህተት ነበር።

ቀለሃ ባዶ ነገር ናት። መቆረጥ ያለበት ግድግዳዋ ብቻ ነው። ግድግዳዋን ለመቁረጥ ዲስኩ ትንሽ ወርዶ መቆም፣ ቀለሃዋ ደግሞ ቦታዋ ላይ መዞር አለባት። እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ ዳር ዳሩን በሰፌድ ጫፍ እንደምናስለቅቀው በሉት፤ ዙሪያውን ነው እንጂ መሃሉን አይደለም።

ሞርሳውን ፈትቼ ጣልኩት። በቦታው ከወይራ ቁራጭ መደገፊያ ሠራሁ። እንጨቱን መሃሉ ላይ እንደ ቦይ ሰርስሬ፣ ሁለቱ ጎኖች ታች እንዲገናኙ አደረግሁ። ክብ ነገር እዚያ ላይ ሲተኛ ወዲህ ወዲያ አይልም። በቦዩ አንድ ጫፍ ብሎን ተከልኩ። የቀለሃዋ ቂጥ ብሎኑን ይነካል፤ ከብሎኑ እስከ ዲስኩ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ መለካት የለም። ቂጧን ወደ ብሎኑ ገፋ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

ደስ ብሎኝ ሁለተኛውን ቀን ጀመርኩ። ቀኝ እጄ ማሽኗን ያወርዳል፤ ግራ እጄ ቀለሃዋን ቀስ አድርጎ ያዞራል። ናሱ እንደ ወርቅ ዱቄት ይበናል። አንድ ዙር ስጨርስ ግን የመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ አልተገናኙም። በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተላለፉ። ሌላ ሞከርኩ። ያው ነው። ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ዲስኩን ቀየርኩ። ያው።

ማታ እራት ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። ቀለሃ ቱቦ አይደለችም። ከቂጧ ወደ ትከሻዋ እየቀጠነች ነው የምትሄደው። ቦይ ላይ ስትተኛ ቀጭኑ በኩል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ተጋድማ ሳይሆን አዘንብላ ነው የተኛችው። አዘንብላ ስትዞር ደግሞ እንደ ብሎን ጥርስ ትሸሻለች። እንጀራዬን ትቼ በባትሪ ወጣሁ። ቀጭኑ በኩል ሁለት የቆርቆሮ ቁራጭ ግራና ቀኝ አነጠፍኩ። ሳላስነሳ ዲስኩን አስጠግቼ በእጄ አዞርኳት። ቦታዋን አልለቀቀችም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆረጥኳት፤ መስመሩ የራሱን ጅራት ነከሰ። የእህቴ ልጅ መስታወት ላይ አቆማት። ከሥሯ ብርሃን አላለፈም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ሄደ። አንዷን ለመቁረጥ አንድ ደቂቃ ተኩል። ሆኖም ያልቸኮልኩባቸው ነገሮች አሉ። ናስ ለስላሳ ስለሆነ የዲስኩን ጠርዝ ይደፍነዋል። ጠርዙ ቢጫ ካበራ መቁረጥ አቁሞ ማሸት ጀምሯል፤ ቀለሃዋም ትግላለች። ያን ጊዜ አቆምና የመሳያ ድንጋይ ስባሪ ቀስ አድርጌ አስነካዋለሁ፤ እንደገና ይከፈታል። ዲስኩን በጎን መጫን ፈጽሞ አይሆንም። አራት አምስት ከቆረጥኩ በኋላ ሞተሩን አሳርፋለሁ፤ ትንሽ ሞተር ናት፣ ቀኑን ሙሉ ልትሮጥ አልተሠራችም። በዚያ መሃል የቆረጥኩትን እሞርዳለሁ። ዲስኩ ሲያልፍ በውስጥም በውጭም ስለት የሆነ ጠርዝ ይተዋል። ውጩን በሞረድ፣ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለ እንጨት አነሳዋለሁ። ጣት ሲዳስሰው ምንም መያዝ የለበትም።

አፍና አፍንጫዬን በማስክ እሸፍናለሁ። ጥይቱ ሲተኮስ ከሚፈነዳው ነገር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፤ ጥቁሩ ጥላሸት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሃውን ከመቁረጤ በፊት በኦሞ ውሃ ዘፍዝፌ አጥበዋለሁ። ውሃውን ልጆችና ዶሮዎች በሌሉበት ነው የምደፋው። እጄን ሳልታጠብ እንጀራ አልቆርስም። የእህቴን ልጅ ደግሞ መቁረጥ አላስነካሁትም። እሱ ለኪና መርማሪ ነው፤ ካሊፐሩን ይዞ ከእኔ የበለጠ ይቆጣል።

ቀለሃዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሞርጄ ላጠፋው አስቤ ነበር። አንዷን በአምፖሉ አጠገብ አገላብጬ አየሁ። ቂጧ ላይ 188 ይላል፤ ከታች 76። 188 የኖቮሲቢርስክ ፋብሪካ ቁጥር ነው፤ 76 ደግሞ የተሠራችበት ዓመት ነው። ሳይቤሪያ በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራች ነገር ናት። እዚህ የደረሰችው በደርግ ጊዜ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የት እንደተተኮሰች፣ ማን ላይ እንደተተኮሰች ግን ቂጧ ላይ አይጻፍም። ሞረዱን አስቀመጥኩት። ቁጥሩን ተውኩት። ድንጋይ ራሱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

ማልበሱ የራሱ ሥራ ነው። የተቆረጠውን አፍ ትንሽ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንጨቱ ላይ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ሣህን ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጌ ጫፎቹን በቂጣቸው አቆማቸዋለሁ። ቂጡ ውሃ ውስጥ ነው፤ ጥንካሬውን አያጣም። አፉን በጋዝ እሳት አሞቀዋለሁ። አምፖሉን አጥፍቼ ነው የማየው። ጨለማ ውስጥ የጋለ ከሰል ሊጠፋ ሲል የሚኖረው ዓይነት ደብዛዛ ቀይ ሲመጣ እሳቱን አነሳለሁ። ከዚያ ካለፈ ናሱ ይበላሻል፤ ዚንኩም ይጨስበታል። ጭሱን መተንፈስ ደግሞ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል።

ወይራውን በቢላ አቅልዬ ጫፉን አስገባለሁ። እንጨቱ ላይ እርከን አለ። የናሱ አፍ እርከኑ ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለበት። ስለ ቀጥ ያለ ቆረጣ ይህን ሁሉ የምጨነቀው ለዚህ ነው። አንድ በኩል ክፍተት ካለ መሬት ሲመታ ኃይሉ በሌላው በኩል ብቻ ያርፋል። በሳምንቱ ይላላል። በወሩ ይወድቃል።

ጥር 7 ቀን መሪጌታ መጡ። ሰንበት ትምህርት ቤቱን ዝማሜ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ሻይ አቀረብን። አልተቀመጡም። 24ቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌያቸው ነበር። አንዱን አነሱና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ሹል አይደለም፤ ጥሩ ነው» አሉ። «ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን እግሩ ላይ ተከለበት ይባላል። ያሬድም አልሰማውም። የእኔ ልጆች ግን ይሰማቸዋል።»

ከዚያ በራፌ ላይ ያለውን ድንጋይ መምታት ጀመሩ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። አንዱን ካዳመጡ በኋላ ወደ ቀኝ ያስቀምጣሉ። ዐሥራ ስምንተኛው ላይ ቆሙ። እንደገና መቱ። «ይሄ ያወራል» አሉኝ።

«የቱ ጋ፣ የኔታ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

አውቅ ነበር። ቆርቆሮውን ከማንጠፌ በፊት ከቆረጥኳቸው አንዷ ናት። ሌሎቹን ወደ ጎን ጥያቸው ነበር። ይቺን ግን በሞረድ አስተካክዬ፣ የቀረችውን ክፍተት በሙጫ ሞልቼ አስገባኋት። ቀለሃ አልቆብኝ አልነበረም። ደክሞኝ ነው። በዓይን አትታይም። የእህቴ ልጅ እንኳ በካሊፐሩ አልያዛትም። ድንጋዩ ላይ ግን ከጥርት ያለው ድምፅ በኋላ ትንሽ «ችክ» የምትል ነገር ነበረች።

የተቀሩትን መትተው ጨረሱ። 23ቱን ተማሪዎች ተሸክመው ሄዱ። እሳቸው ያቺን አንዷን ይዘው ቆዩ። «ዛሬ ይደርሳል?» አሉኝ። ከሰዓት 9 ሰዓት ነበር። መብራቱ ገና አልደከመም። ጫፏን በእሳት አላልቼ አወለቅኳት። ከጆንያው ሌላ ቀለሃ አወጣሁ፣ ማግኔት አስነካሁ፣ አጠብኩ፣ ቦዩ ላይ አስተኛኋት። መሪጌታ ከበሩ ላይ ሆነው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ማሽኗ ለትንሽ ጊዜ ጮኸችና ቆመች።

እንጨቱ ላይ ስጨርስ ሊጨልም ነበር። ተቀበሉኝና ድንጋዩን ሦስት ጊዜ መቱት።

«ዝም አለ» አሉ። በጎናቸው ይዘውት ወደ አስፋልቱ ወጡ፤ እስኪርቁ ድረስ ድምፁን እሰማ ነበር።